የግራሩ እባጭ

የልጄን ልብስ ሳጥብ ከኪሷ የግራር እባጭ ወጣ። ክረምቱን ቀወት፣ ገጠር እናቴ ዘንድ ከርማ መመለሷ ነው። እባጩ ደርቋል፣ ከሎሚ ያንሳል፣ ጎኑ ላይ ጠባብ ቀዳዳ አለው። ልጥለው ነበር፤ አልጣልኩትም። ከባልዲው አጠገብ አስቀምጬው ማጠቤን ቀጠልኩ።

ልጅ እያለሁ ከቤታችን በታች፣ ከማሽላው ማሳ ዳር አንድ ግራር ነበረን። እሾሁ ያነሰው ይመስል ቅርንጫፉ ሁሉ አብጧል። አባቴ ከሥሩ አረፍ ባለ ቁጥር ቀና ብሎ ያየውና «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላል። እኛ ልጆች ግን ግራሩን የምንወደው ለእባጩ ነበር። ደርቆ ቀዳዳ ያበጀውን መርጠን ከንፈራችን ላይ ለጥፈን ስንነፋው ያፏጫል። አረንጓዴው አያፏጭም። አረንጓዴውን በምላጭ ስንሰነጥቀው እርጥብ ቅጠል ቅጠል ይሸታል፤ መካከሉ ላይ ነጭ ትል ተጠቅልሎ ተኝቷል።

ነገሩን ያስረዳን የሳይንስ መምህራችን ነው። አንዲት ደቃቅ ተርብ ለጋው ቅርንጫፍ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች አለን። ዛፉ በዚያ ሰበብ ያብጥና ለትሉ የሚበላውንም የሚጠለልበትንም ከገዛ ገላው ያበጅለታል። ተርብ ብቻ አይደለችም፤ ሻጋታም በዓይን የማይታይ ትልም እንዲሁ ያደርጋሉ ብሎ ከትምህርት ቤቱ ጓሮ አንድ የቲማቲም እግር ነቅሎ ሥሩ ላይ የተቋጠረውን አሳየን። በግራሩ እባጭ ውስጥ ያለው ትል ግን ክንፍ ሲያወጣ በስቶ ይሄዳል፤ ቀዳዳው የመውጫው በር ነው።

ታላቅ እህቴ ዘሀራ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ነበረች። ያን ዓመት አንገቷ ላይ፣ ከጆሮዋ ሥር እባጭ ወጥቶባት በሻሽ ሸፍና ትውል ነበር። በክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አታውቅም። ያን ቀን አወጣች።

«ከወጣለት በኋላ ዛፉ ይድናል?» አለች።

«ዛፉን ምንም አይለውም» አላት መምህሩ። አንገቷን አላየም፤ ሰሌዳውን እያጠፋ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዘሀራ ግራሩ ሥር የምትውለው ለብቻዋ ሆነ። ያልተበሳውን እባጭ አትነካም፤ የተበሳውን ብቻ እየለቀመች በጣቷ ታገላብጠዋለች። የአንገቷ እባጭ ግን አደገ። አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ በጋለ ብረት ተኮሷት፤ ጠባሳው ተረፋት እንጂ እብጠቱ አልጎደለም። በመጨረሻ አባቴ እሺ አለና በገበያ ቀን ሮቢት ጤና ጣቢያ ሊወስዳት ቆረጠ። አህያዋ ተጫነች፤ እናቴ ለመንገድ ቆሎ ቋጠረች።

የዚያን ዕለት ጠዋት እባጩ በራሱ ጊዜ ፈነዳ።

ዘሀራ የወጣውን በጨርቅ ተቀብላ ብርሃን ላይ ዘርግታ ስትመለከተው ነበር። ምን እንደምትፈልግ ከእኔ በቀር ማንም አላወቀም። ትል አላገኘችም። እናቴ «አልሐምዱሊላህ፣ መርዙ ወጣ» ብላ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። አባቴ ጭነቱን ከአህያዋ አወረደ። ሕክምና የሚባለው ነገር እዚያው ቀረ።

«በሮ ሄዷል፤ አሁን ባዶ ነው» አለችኝ ዘሀራ።

ያን ቀን ሻሿን ፈታች። ከእኛ ጋር ወርዳ እስኪደክማት ድረስ ስታፏጭ ዋለች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ደስ ብሎኝ ነበር። የአንገቷ ቀዳዳ ግን አልተደፈነም። ከጎኑ ሌላ እባጭ ወጣ፤ ሌሊት ሌሊት ያልባት፣ ያስላት ጀመር። ጤና ጣቢያ ሲያደርሷት አባቴ ተሸክሟት ነበር። ንፍፊት ላይ የሚወጣ ቲቢ ነው ተባልን፤ እስካሁን የት ነበራችሁ ተባልን። ማሽላው ሳይታጨድ ቀበርናት።

አላለቀስኩም። ሴቶቹ የዚህች ልጅ ልብ ደረቅ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ሐዘን ይመጣል ብዬ ጠበቅሁት፤ አልመጣም። ዛሬም ይህን ሳወራ የሰው ነገር የማወራ ይመስለኛል።

አሁን የምኖረው ሮቢት ከተማ ነው። የጎረቤታችን ልጅ እንደ ዘሀራው ያለ እባጭ እዚያው ቦታ ላይ ወጥቶበት ነበር። እናቱ ሳትውል ሳታድር ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ ወራት የፈጀ ክኒን ዋጠና ዳነ። ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። ሲያልፍ ጡሩምባውን ነፍቶ ሰላም ይለኛል፤ እኔ የማየው አንገቱን ነው። ግራሩም አልሞተም። እናቴ እንደምትለው አምና እንኳ ከነእባጩ አብቧል። መምህሩ አልዋሸም፤ ዛፉን ምንም አላለውም።

ልብሱን አስጥቼ ስመለስ ልጄ እባጩን አንስታ እያፏጨች ነበር። ድምፁ ያው ነው። ነጠቅ አድርጌ ልወስድባት እጄን ዘርግቼ ተውኩት።

«እማዬ፣ ውስጡ ባዶ ነው አይደል?» አለችኝ።

ወደ እኔ ሳብ አደረግኋትና በእርጥብ እጄ ከጆሮዋ ሥር ጀምሬ አንገቷን ዳበስኩ።