የሺወርቅ የመረጠችው ፔዳል

ዘርይሁን ዓይን ዓይንህን እያየ ጭንቅላቱን ሲነቀንቅልህ ይሰማኛል ብለህ አትሞኝ። ዓይኑ አንተ ላይ ነው፤ ጆሮው ግን ጥሎህ ሄዷል። አንድ ጠዋት ካሳራኒ፣ ማታቱ የሚባሉት የኬንያ ሚኒባስ ታክሲዎች ማቆሚያ ላይ ቆመን፣ ዌስትላንድስ ስላለው የመሥሪያ ቤቴ ጭቅጭቅ ከልቤ ሳወራው ቆየሁ። አለቃዬ ያለኝን፣ እኔ የመለስኩለትን፣ ልመልስለት ፈልጌ የዋጥኩትን ሳይቀር። በመጨረሻ ምን ትላለህ ስለው፣ "ዮአብ፣ በሩን ስማው" አለኝ።

የማታቱውን በር ማለቱ ነበር። ዘፈኑን እስከ ጥግ የከፈተ ማታቱ ፊታችን ቆሟል። በሩ ዝግ ሳለ የሚሰማው ወፍራሙ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዱም ዱም ይላል። ረዳቱ በሩን ሲስበው ዘፋኙም፣ ጥሩምባውም፣ ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ሁሉ መንገዱ ላይ ይፈሳል። ሲዘጋው ደግሞ ሁሉም ተመልሶ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ዘርይሁን ሊገዛ የሚፈልገው ይህንን እንደሆነ ነገረኝ። ማታቱውን? ብዬ ቀለድኩበት። በሩን ነው አለ፣ ሳይስቅ።

የዚያ በር ስሙ ፊልተር ፔዳል ነው። በእግር የሚረገጥ ትንሽ የብረት ሳጥን ነው፤ የጊታሩ ድምፅ በውስጡ ሲያልፍ ቀጭኑን ይከለክላል ወይም ይለቃል። ክሩን ጠበቅ አድርገህ ስትመታው ይከፈታል፣ ስትዳብሰው ይዘጋል። እጁ የሠለጠነ ሰው ከያዘው ጊታሩ አፍ አውጥቶ የሚናገር ይመስላል።

እኔ በቤተ ክርስቲያናችን ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ፤ በጊታሪስት መቀለድ ደግሞ የሥራዬ አንዱ ክፍል ነው። ዘርይሁን ግን ተቀልዶበትም አይሰማም። ቀኑን ሙሉ አየር መንገድ ጭነት ክፍል ውስጥ ካርቶን ሲቀበልና ሲያስረክብ ይውልና፣ ማታ ዝናብ ባዶ የውሃ ታንከር ላይ ሲወርድ ከሰማ ደጅ ላይ ቆሞ ይቀራል። አንዴ መውረጃው አልፎት ሩይሩ ድረስ ሄዷል። ለምን ስንለው፣ አጠገቡ የተቀመጠችው ሴትዮ ስልክ ስታወራ ድምፅዋ ዜማ ነበረው አለን። እንዲህ ካለ ሰው ጋር መጣላት ልብ ያደርቃል እንጂ ጥቅም የለውም።

ፔዳሉን የፈለገው ለሚስቱ ለየሺወርቅ ነው። በኳየራችን መዝሙር የምታወጣው እሷ ነበረች። እሷ ታወጣለች፣ እኛ እንቀበላለን። ከፍ ያለው ቦታ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥኖ ይወጣና እዚያው ላይ ይቆያል፤ የተከራየነው አዳራሽ ጣሪያው ቆርቆሮ መሆኑን እንኳ እንረሳ ነበር። ከዚያ የእንቅርት ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ቁስሉ ዳነ። የድምፅዋ የላይኛው ግማሽ ግን አልተመለሰም፤ የቀረላት ዝቅ ያለ፣ ሻከር ያለ ነው። ከዚያ ወዲህ መጨረሻው ረድፍ ላይ ከንፈሯን ገጥማ ትቀመጣለች። ዘርይሁን እንደነገረኝ ቤት ውስጥም ያው ነው፤ ዕቃ ስታጥብ እንኳ አታንጎራጉርም። ቤቱ ጭር ብሎብኛል ሲለኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ይህ ሰው ታዲያ ሕልም አየ። በሕልሙ ጊታሩ በረንዳቸው ላይ፣ ከተሰጣው ልብስ መሃል ብቻውን ተሰቅሎ፣ በየሺወርቅ የድሮ ድምፅ ይዘምራል። ነፋሱ አንሶላውን ሲያነሳ ድምፁ ይከፈታል፣ ሲለቀው ይዘጋል። ከእንቅልፉ ሲነቃ የሚያደርገውን አውቆ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ለምታዘጋጀው የምስጋና እሑድ የእሷን መዝሙር ጊታሩ ያወጣዋል፤ እሷም ሰምታ ትጽናናለች። ሲያወራልኝ ፊቱ ስለበራ፣ መጥፎ ሐሳብ ነው ለማለት አፌ አልተከፈተም።

ፔዳሉ ትንሽ መሆን አለበት፤ መድረካችን ጠባብ ነው፣ ዕቃውንም በማታቱ ጭኑ ላይ ይዞ ነው የሚመላለሰው። ዋጋው ከቤት ወጪ የማይሻማ መሆን አለበት። አናሎግ ካልሆነ ደግሞ አይነካውም፤ ድምፁ በኮምፒውተር ስሌት ሳይሆን በሽቦና በኤሌክትሪክ እንዲያልፍ ይፈልጋል። የኔ ኪቦርድ ውስጥ ፊልተር በነፃ አለልህ ብለው፣ ያንተ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው የሚከፈተው፣ እኔ የምፈልገው እንደ ሰው አፍ የሚከፈት ነው አለኝ። ተቀየምኩት፤ ግን እውነቱን ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ መሃል ከተማ፣ ፎቅ ላይ ወዳለች አንዲት የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ መመላለስ ጀመርን። ባለሱቁ ትዕግሥተኛ ኬንያዊ ነው፤ ዘርይሁን አንዷን ኖታ ደጋግሞ እየመታ ዓይኑን ሲከድን፣ እሱ ሻዩን ይጠጣል። በመጨረሻ ሁለት ፔዳሎች ቀሩ። አንደኛው ብርቱካናማ ነው፤ ሲከፈት ድምፁ እስከ ላይ ይወጣና ያበራል። ሁለተኛው ግራጫ ነው፤ አነስ ያለ፣ ድምፁም ደብዘዝ ያለ። ዘርይሁን ልቡ ብርቱካናማው ላይ ወደቀ፤ የሺወርቅ ትወጣበት የነበረው ቦታ ይደርስለታላ። ግን የእሷ ጆሮ ይመስክርልኝ ብሎ፣ ለምን እንደሆነ ሳይነግራት ሊያመጣት ቆረጠ። አስቀድመህ ንገራት አልኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

መጣች። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ በሩ አጠገብ ቆመች። እሱ ጊታሩን አነሳና ብርቱካናማውን ረግጦ የእሷን መዝሙር ጀመረ። ምን ልበላችሁ፣ እሷን ነው የሚመስለው። ከፍ ያለው ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀጥኖ ወጣ፣ እዚያው ላይም ቆየ። ዞር ብዬ ሳያት ፊቷ ጠቁሯል።

ሲጨርስ ጊታሩን በእሷ ቦታ ሊያቆመው እንደሆነ ጠየቀችው። እሱ ምስኪን፣ ደስታው ፊቱ ላይ እንዳለ፣ አዎ አላት፤ ሕዝቡ ያለቅሳል አላት።

"የሄደው ድምፄ ነው ዘርዬ" አለች። "እኔ እኮ አለሁ።"

ከታች የማታቱ ረዳቶች ሲጣሩ ይሰማል። ዘርይሁን እጁን ክሮቹ ላይ እንዳሳረፈ ቀረ። የዝናቡን፣ የበሩን፣ የማያውቃትን ሴትዮ ድምፅ የሚሰማው ሰው ይህን አልሰማም ነበር። በእሱ ተናደድኩ፤ አጃቢ ሆኜ በመመላለሴም በራሴ አፈርኩ።

ጥላን የምትወጣ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ቦርሳዋን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና ያ ግራጫው ምን እንደሚሠራ ባለሱቁን በስዋሂሊ ጠየቀችው። ሰውየው ደስ ብሎት አስረዳት። ፊልተር ድምፅ አይጨምርም፣ የሚያደርገው መቀነስ ብቻ ነው፤ ይህኛው ደግሞ ከላይ ብዙ ይቀንሳል አላት። ከዚያ ግራጫውን ቀጥለው ብላ ለዘርይሁን በእጇ አመለከተችው። እሱ ቀስ ብሎ መምታት ሲጀምር ጎንበስ አለችና ማዞሪያውን በራሷ ጣት ወደ ታች መለሰችው። ከጊታሩ ላይ ቀጭኑ ድምፅ ሄደ። አሁንም ዝቅ አደረገችው። ባለሱቁ ሰው የሚያዞረው ወደ ላይ ነው ብሎ ሊያሳያት ፈለገ፤ አልሰማችውም። የጊታሩ ድምፅ ወርዶ ወርዶ፣ በወፍራም መጋረጃ በኩል እንደሚሰማ ድምፅ ሲሆን፣ እዚያ ላይ ተወችው።

ከዚያ ከታች ጀመረች። መጀመሪያ እንጉርጉሮ ነበር፤ ቀጥሎ ቃሉ መጣ። ሻካራ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ይቆራረጣል። ዘርይሁን ደንግጦ መምታቱን አቆመ።

"አታቁም" አለችው። "እኔ ላውጣ፤ አንተ ተቀበል።"

ተቀበላት። ክሩን ዳበስ ሲያደርገው ፔዳሉ በግማሽ ብቻ ይከፈትና፣ ከእሷ በታች ሆኖ መልሶ ይዘጋል። መዝሙሩ ከፍ የሚልበት ቦታ ሲደርሱ ሁለታችንም በልማድ ጠበቅናት። አልወጣችም። ከቦታው በታች ቆመችና ዝቅ አድርጋ ዞረችበት፣ እሱም አብሯት ዝቅ አለ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ግራጫውን ገዙ። ለምስጋናው እሑድ ታወጣለህ ወይስ እሷ ብዬ ስጠይቀው፣ እሷ ካለች እሷ፣ ካላለችም ዝም እንላለን አለኝ።

በሳምንቱ ምሽት ላይ ስልኬ ጠራ፤ ዘርይሁን ነው። ሃሎ ብለው አይመልስም። ልቆጣ ስል፣ "ዮአብ፣ በሩን ስማው" አለኝ በሹክሹክታ። ከዝግ በር ኋላ ውሃ ሲወርድ፣ ሳህን ሲጋጭ ሰማሁ። በሳህኑ መሃል ዝቅ ያለ የሴት ድምፅ አለ። ከዚያ በሩ ተከፈተ።