ፈዬራ አላንቀላፋም

ጵርስቅላ መኪና ላይ ከወጣች ትተኛለች። አመሏ ነው። መምህርት ስለሆነች ሳምንቱን ሙሉ ቆማ ስለምትውል ይሁን ወይ ከእናቷ የወረሰችው ነገር ይሁን አይታወቅም፤ ብቻ ሁለተኛ ማርሽ ሳይገባ አንገቷ ዘንበል ይላል። ባሏ ፈዬራ፣ «ከአንቺ ጋር ከምሄድ ከጭነቱ ጋር ባወራ ይሻለኛል» እያለ ይቀልድባታል። ነገር ግን ዕድሜውን መሪ ላይ ያሳለፈ ሹፌር ነውና፣ ሚስቱ አጠገቡ ተረጋግታ መተኛቷን በልቡ እንደ ምስጋና ነበር የሚቆጥረው።

ያን ቅዳሜም ተኝታ ነበር። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በላይ አጣና ጭነው ወደ ቤታቸው ወደ የካ አባዶ እየወረዱ ነው። ስትነቃ ፒካፑ አፍንጫውን ቦይ ውስጥ ቀብሮ ቆሟል፣ አጣናው መንገዱን ዘግቶታል፣ ግንባሯ ላይ እብጠት ወጥቷል። ፈዬራ ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ደርቆ ቀርቷል። የተሰበሰበው ሰው ወዲያው ፈረደ፤ «አንቀላፍቶ ነው!» ፈዬራ የመለሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እንጃ፣ መንገዱ ጥሎኝ ሄደ።» ያን ጊዜ ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ሌላ ምስክር የለማ።

«አንቺስ ምን አየሽ?»

«ተኝቼ ነበር» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህቺ መልስ እንደ እሾህ ጉሮሮዋ ላይ ቀረች።

ፒካፑን የጎተቱበት ጋራዥ የተጣመመውን ቆርቆሮ አቃና፣ ፊቱን በክሪክ አንሥቶ ጎማዎቹን ነቀነቀ፣ ምንም አላገኘም። መኪናው ንጹሕ ነው ተባለ። መኪናው ንጹሕ ከሆነ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ለመናገር ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የቤት ኅብረታቸው ሰዎች ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ከበው እጅ ጫኑበትና የእንቅልፍን መንፈስ ገሠጹለት። ጵርስቅላ አሜን አላለችም። ፈዬራ ግን አለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ከግጭቱ ይልቅ ያቺ አሜን አንጀቷን ቆረጠችው።

ቁልፉን ሚስማር ላይ ሰቀለና ታክሲ መሳፈር ጀመረ። ያውም የኋላ ወንበር መርጦ፣ መንገዱ እንዳይታየው። ወንድሙ ፍሮምሳ ለፒካፑ ገዢ አገኘ፤ ሰኞ ሊወስደው ተስማሙ። ጵርስቅላ ገብቷታል፤ መኪናው ከተሸጠ እውነቱም አብሮት ይሄዳል። ባሏም ዕድሜ ልኩን ሚስቱን ይዞ መሪ ላይ ያንቀላፋ ሰው ሆኖ ይቀራል። ሰውዬውን ታውቀዋለች። ቤት ውስጥ እንኳ ዜና እያየ አንቀላፍቶ አያውቅም!

ቅዳሜ ጠዋት ቁልፉን ከሚስማሩ አወረደችው። መንጃ ፈቃድ አላት፤ ካወጣችው ጀምሮ ከቦርሳዋ ወጥቶ አያውቅም እንጂ። ታክሲዎቹ ከኋላ በክላክስ እየጮሁባት፣ አንዱ ረዳት በመስኮት «እናት፣ ትገፋ እንዴ?» እያለ እየሳቀባት፣ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቀች፣ ሌላ መካኒክ ፍለጋ ወሰን ሰፈር ደረሰች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና ውስጥ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ስለዚህም ሰማችው። እያንዳንዱ ጉብታ ላይ ከግራ እግሯ ሥር «ቋ» ይላል። ኩርባ ከጨረሰች በኋላ ደግሞ መሪው እንደ ሌላ መኪና በራሱ አይመለስም፤ እሷ ካልመለሰችው ወደ ግራ እያደላ ይቀራል።

ወሰን ያለው መካኒክ ዘመንፈስቅዱስ የሚባል ሸበቶ ሰው ነው። ያለችውን ሁሉ በትዕግሥት ሰማት፣ ክሪኩን መኪናውን ከተሸከመው ብረት ከሻንሲው ሥር አስገብቶ ፊቱን አነሣ፣ ጎማውን ከላይም ከታችም ይዞ ነቀነቀው። ንቅንቅ የለም።

«ንጹሕ ነው፣ ልጄ።»

«ጋሼ፣ አሁን እኮ ተንጠልጥሏል» አለች ጵርስቅላ። «እኔ የሰማሁት መሬት ላይ እያለ ነው። የእኔም ጉልበት ተኝቼ አያመኝም። ክፍል ገብቼ ስቆም ነው የሚያመኝ።»

«መኪና ደግሞ ምን ጉልበት አለው?» ብሎ ሳቀ። ሳቁን ግን አልጨረሰውም። ትንሽ አሰበና ክሪኩን አወረደ፤ በዚህ ጊዜ ሻንሲውን ትቶ ጎማውን ከሚይዘው ብረት ከታችኛው ክንድ ሥር ተከለው። የመኪናው ክብደት ክንዱ ላይ እንዳረፈ ጎማው ብቻ ከመሬት ለቀቀ። ረጅም ብረት ጎማው ሥር ሰዶ ወደ ላይ ሲያነሣው፣ «ቋ!» አለ። ጎማው እንደ ሕፃን ጥርስ ሲወዛወዝ ሁለቱም አዩት።

«በስመ አብ!» አለ ዘመንፈስቅዱስ። «ለካስ ጉልበት አለው! ቴስታው ነው። ጎማውን ከክንዱ ጋር የሚያያይዘው፤ እንደ ጉልበት ሎሚ በይው። በሻንሲው ስናነሣው የፊቱ ሞላ ወጥሮ ይዞ ይደብቀዋል።»

ጵርስቅላ የሚቀጥለውን ጥያቄ ፈራችው። ግን ጠየቀች። «ሲጋጭ የተሰበረ ቢሆንስ?»

መካኒኩ ፈትቶ አወጣና መዳፉ ላይ አደረገላት። ላስቲኩ ተቀድዷል፣ ግሪሱ ጭቃ ሆኖ ደርቋል፣ ክቡ ብረት በአንድ ጎኑ ተበልቶ እንቁላል መስሏል። «ይሄ የአንድ ቀን ምት አይደለም። ሲበላ የኖረ ነው። ጎማውንም እይው፣ በውስጥ በኩል ተልጧል። ቁልቁለት ላይ ክብደቱ ሁሉ ፊት ሲመጣ ጎማው ወደ ፈለገበት ይሄዳል። ሹፌሩ ምን ያድርገው?»

ጵርስቅላ እዚያው ግሪስ የጠጣው መሬት ላይ ቆማ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ስልኳን አወጣች።

ፈዬራ በታክሲ መጣ። ቴስታውን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። ዘመንፈስቅዱስ ግን አንድ ነገር ከንክኖታል። «የመኪናውን አፍንጫ እንዲህ አድርጎ የሰቀለው ማነው?»

ይህ የሰፈሩ ወግ ነው። ፒካፕ የገዛ ሁሉ መጀመሪያ የፊቱን ሞላ ብሎን አስጠብቆ አፍንጫውን ያሰቅላል፤ ለድንጋዩ መንገድም ይሆናል፣ ግርማ ሞገስም ይሰጣል። ክንዱ ያለ ልኩ ተወጥሮ ቴስታው በጠማማ እንደሚሠራ የሚያስብ የለም።

«እኔ ነኝ» አለ ፈዬራ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ያው ዞሮ ዞሮ እኔው ነኝ።»

«ለእሱ አፍንጫውን ዛሬውኑ ታስወርዳለህ» አለችው ቆጣ ብላ። «ግን አላንቀላፋህም። እኔ የፈለግኩት ይሄንን ነው።»

ፈዬራ ቴስታውን ለመካኒኩ መለሰለት። «ዓይኔ ክፍት ነበር» አለ። «አውቀው ነበር እኮ። ሁሉም አንቀላፋህ ሲለኝ ግን ግራ ገባኝ።»

ቴስታዎቹ በሁለቱም በኩል ተቀየሩ፣ አፍንጫው ወረደ፣ ጎማዎቹ ተስተካከሉ። ፍሮምሳ ለገዢው ምን እንደሚለው ጨንቆት ሲደውል ጵርስቅላ፣ «አይሸጥም በለው» ብላ ዘጋችበት። ቁልፉን ለፈዬራ ሰጠችው።

«ወዴት?» አላት።

«ወደ ላይ። ከዚያው ኩርባ ነው የምንጀምረው። ዛሬ ዓይኔን አልከድንም፤ ማንም ቢጠይቀኝ የምመልሰው አለኝ።»

ኪዳነ ምሕረትን አልፈው አጣናው የተጫነበት ቦታ ድረስ ወጡና ዞሩ። መስኮቱን ከፈተች፣ ማስቲካ አኘከች፣ ጀርባዋን አቃንታ ተቀመጠች። ፈዬራ በከባድ ማርሽ ለቀቀው። ባሕር ዛፎቹ በቀስታ ማለፍ ጀመሩ። «ቋ» የሚል ነገር የለም። መሪው ከእያንዳንዱ ኩርባ በኋላ እጁ ውስጥ እየተንሸራተተ ልኩ ላይ ይመለሳል።

ስትነቃ መኪናው ቆሟል።

እጇ ወደ ግንባሯ ሮጠ። ከፊቷ ግን ቦይ የለም። የካ አባዶ ነው፤ የብሎካቸው ደረጃ፣ በረንዳው ላይ የተሰጣ የገዛ አንሶላዋ። ፈዬራ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አሳርፎ፣ ዝም ብሎ ያያታል።

«ኩርባውስ?» አለችው።

«አለፍነው» አለ። «ልቀሰቅስሽ አሰብኩና ተውኩሽ።»