የአባዬ ግራ ዓይን

አባዬ አብነት ሰፈር ውስጥ የመኪና ባትሪ ይጠግናል። ባለፈው ክረምት አንዱን ባትሪ ሲከፍት አሲዱ ተፈናጥሮ ግራ ዓይኑ ውስጥ ገባ። አጠገቡ የሚሠራው ጎሚስታ ጭንቅላቱን ቧንቧ ሥር አድርጎ ያጥብለት ጀመር፤ ለእኔም በሌላ ሰው አስደወለልኝ። ጌጃ ሰፈር ካለው ቤታችን ሮጬ ስደርስ ገና አልለቀቀውም ነበር። ያ ውሃ ዓይኑን እንዳተረፈው የዓይን ሐኪሟ ኋላ ነገረችን።

ቃጠሎው ግን በጠብታ ብቻ የሚድን አልሆነም።

"አባባ፣ ቁስሉ ላይ ስስ ሽፋን እናደርግልዎታለን" አለችው ሐኪሟ። "በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ፈቅዳ ከሰጠችው እንግዴ ልጅ ላይ የተወሰደ ነው። ተመርምሮ፣ ጸድቶ ተቀምጧል። አዲስ ዓይን አይሰጥዎትም፤ የራስዎ ዓይን ቁስሉን መልሶ እንዲሸፍን ያግዘዋል።"

አባዬ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ ስትወለጂ እንግዴ ልጁን እኮ በገዛ እጄ ነው ጓሮ የቀበርኩት። ለመድኃኒት ይሆናል ብሎ ማን ነገረኝ?" አለ። ከዚያ ለሐኪሟ፣ "መጠገን ከሆነ ገባኝ፤ ሥሪው" አላት።

ከሕክምናው በኋላ ቤት ዋለ። እኔ በየሰዓቱ ጠብታ እጨምርለታለሁ፤ እሱ ስለዚያች እናት ይጠይቀኛል።

"ወንድ ይሆን ሴት የወለደችው?"

"አይነገርም አባዬ።"

"ጤናዋስ?"

እሱንም አላውቅም። አንድ ቀን ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አዝኖ አየሁት። "ክርስትና ስሟን ሳላውቅ እንዴት ብዬ ልጸልይላት?" አለኝ።

"ዓይን የሰጠችኝ እናት በላት፤ እግዜር ያውቃታል" አልኩት። ለካ ይህን ያህል ጊዜ ያስጨነቀው የራሱ ሕመም አልነበረም።

ሽፋኑ ቀስ በቀስ ሟሟ፤ ከሥሩም ቁስሉ ተሸፈነ። ሐኪሟ አስቀድማ እንዳለችው ዕይታው እንደ ድሮው ሙሉ አልሆነም፤ ደቃቅ ጽሑፍ ዛሬም ይደበዝዝበታል። ግን አንድ ጠዋት ቁርስ ሳቀርብለት ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ በግራው ትክ ብሎ አየኝ።

"ፀጉርሽን መቼ ነው የተቆረጥሽው?"

ከተቆረጥኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። መሥሪያ ቤት እንኳ ማንም ልብ አላለውም።

"ያምርብኛል?" አልኩት።

"ረጅሙ ይሻልሽ ነበር" አለና እንጀራውን ቆረሰ። እኔ ግን እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።