ከድንጋዩ ቤት ያልወጣችው አራስ

ነገሩ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት፣ ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። ከልቤ ያልወጣው ተኩሱ ስላስፈራኝ ብቻ አይደለም፤ ለደግ ብዬ ላደርገው በነበረው ነገር ምክንያትም ነው።

የምኖረው መዘዞ ነው። ልጆቼ ያሠሩልኝ ቤት ብሎኬት ነው፤ በሲሚንቶ የተለሰነ። ጎረቤቴ አስካለ የምትኖረው ግን ከአያቶቿ በወረሰችው፣ በድንጋይና በጭቃ በተሠራ ቤት ነው። የልጇ ሚስት ገነት ያኔ ሴት ልጅ ወልዳ አራስ ነበረች።

አንድ ጠዋት ከከተማው ዳር ተኩስ ተሰማ። ያ አሮጌ ቤት ምን ያስጥላቸዋል ብዬ ሮጥኩ።

«ተነሺ ገነት፣ እኔ ቤት እንሂድ። ብሎኬት ይሻላል።»

አስካለ በሩ ላይ ቆመች። «አራስ ክርስትና ሳታስነሳ ደጅ አትወጣም፣ እትዬ።»

«ጥይት እየመጣ ስለ ደጅ ታወሪያለሽ?»

«ጥይቱም ነውር ያውቃል፤ አራስ ቤት አይገባም።»

የገነትን ክንድ ይዤ ላስነሳት ስል ተኩሱ ቀረበ። አስካለ በሩን ቀረቀረችው። ከዚያ ወዲያ መውጣት የሚባል ነገር አልነበረም።

አንድ ጥይት የእንጨቱን በር በስቶ የምድጃውን አመድ በተነው። ከበሩ ትይዩ ሸሽተን ግድግዳው ጥግ ተጋደምን፤ ሕፃኗ በመሃላችን። ግድግዳው ክንድ ያህል ውፍረት አለው። ሲመታ ድም ይላል፣ አፈር ይረግፍብናል፤ ጥይቱ ግን አያልፍም። መስኮት የለውም። ገነት ውኃ ጠማት፤ እንስራው ከበሩ ትይዩ ስለነበር ማናችንም አልደፈርንም።

አስካለን፣ «አንቺ ነሽ እዚህ ያሰርሽን» አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ጸጥ ሲል ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ አስካለም ተከተለችኝ። ገነትን ላስተኛት ባሰብኩበት አልጋ በኩል ግድግዳው ተበሳስቷል። ብሎኬት ለካ ውስጡ ክፍት ነው። ጥይቶቹ ፍራሹን አልፈው ማዶ ያለውን ቁም ሳጥን ሰነጣጥቀውታል።

አስካለ አየች። «አልጋሽ ተበላሸ፣ እትዬ» አለችኝ።

ክርስትናው እንዳለፈ ገነት ልጇን አዝላ ልትጠይቀኝ መጣች። ደጃፌ ላይ ቆማ፣ «እማማ፣ ልግባ?» አለችኝ።

«ግቢ» ለማለት አፌን ያዘኝ። ዛሬም በመጣች ቁጥር ይይዘኛል።