በሩ ክፍት ይሁን

ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂ ሲደርሰኝ ጊንጆ ሰፈር ያለው ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ። እኔ የሞላሁት ጤና ነበር፤ ምደባ ግን የሰው ልብ አያይም። ግድግዳ የምንጋራቸው እናት፣ "ያ ረቢ! ይቺን የመሰለች ልጅ እብድ ልታስታምም?" ብለው ደረታቸውን መቱ። አባባ በቡና መጋዘን መዛኝ ናቸው፤ ነገር አያበዙም። "ልምምድ እስክትወጪ ልታገስ። ሰው የማይፈልገው ሙያ ከሆነ አቋርጠሽ አካውንቲንግ ትገቢያለሽ" አሉ፤ በቃ።

ጉዱ ግን፣ ልምምድ እስክወጣ ትምህርቱን ወድጄው አረፍኩ።

የተመደብኩት አጋሮ ከተማ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ከዳይሬክተሩ ቢሮ አጠገብ ያለችውን ክፍል ሰጡኝ። "የምክር አገልግሎት" ብዬ ለጠፍኩና፣ ምስጢር ይጠበቅ ዘንድ እንደተማርኩት በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ዝንብ እንኳ አልገባም። ተማሪው በሬ ጋ ሲደርስ እርምጃውን ያፈጥናል። አንዲት አስተማሪ አይታኝ ሳቀች፦ "አንቺ ደግሞ! እዚህ ቢሮ የሚጠራ ወላጅ አምጣ የሚባል ነው። በር የሚዘጋበትማ ጉዱ ፈልቷል!"

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት አባባ ሳይነግሩኝ ከች አሉ። ባዶውን ወንበር አዩት። አለቀልኝ አልኩ። ከዚያ ራሳቸው ተቀመጡበት። ከልማድ ተነስቼ በሩን ልዘጋ ስል፣

"በሩ ክፍት ይሁን" አሉ።

"ሕጉ ነው እኮ አባባ፣ ሰው እንዳይሰማ..."

"በተዘጋ ቤት አልቀመጥም አልኩሽ!"

ቤታችንም በሩ ገርበብ ብሎ ነው የሚታደረው፤ እናቴ በሌባና በብርድ ስትጨቃጨቃቸው ኖራለች። እኛ ግትርነት ይመስለን ነበር።

"ለምን አባባ?" አልኳቸው። መምህራችን "ለምን አትበሉ፣ ዘመድም አታማክሩ" ይሉ ነበር፤ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ አፈረስኩ።

"ወታደር ሆኜ የተማረክን ጊዜ፣ ጨለማ ክፍል ዘጉብን። ጓደኛዬ ቆስሏል። አይዞህ እያልኩ ሳወራው አደርኩ። ሲከፈት ለካ ቀድሞ ሞቷል።"

አባቴ ሲያለቅሱ ያን ቀን ገና አየሁ። ተማሪዎቹ ከኮሪደር ቆመው ያያሉ፤ እሳቸው ግን ፊታቸውን አልሸሸጉም። ሲነሱ "እግዜር ይስጥሽ" ብለውኝ ወደ መናኸሪያ ሄዱ። ስለ አካውንቲንግ ትንፍሽ አላሉም።

በማግስቱ አንዲት ልጅ ደጃፌ ላይ ቆመች። "እንደ ትናንቱ ሰውዬ፣ በሩ ሳይዘጋ ይሆናል?" አለችኝ። እንዴታ! ድምፅ እንዳይሰማ ወንበሮቹን ወደ ማዶው መስኮት ወሰድኳቸው። ከሷ በኋላ ሌሎቹ መጡ።

አብረውኝ ከተማሩት አንዷ ባንክ ውስጥ ሠራተኛ ትቀጥራለች፣ አንዱ ሆስፒታል ነው፣ አንዱ ያስተምራል። እኔ ይኸው እስከ ዛሬ የትምህርት ቤት አማካሪ ነኝ፤ እንጀራዬም ደስታዬም እሱ ነው። እድሜ ለአባባ! ያን ቀን ባዶውን ወንበር አይተው ቢመለሱ ኖሮ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር።

የዚያን ሳምንት ቅዳሜ ከባጃጅ ወርጄ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። "አባባ፣ ሰው መጣ! ወረፋ ሆኗል!"

"ተመስገን" አሉ። እናቴ ወደ ጓዳ እስክትገባ ጠበቁና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"እኔስ ታዲያ ተራዬ መቼ ነው? ገና መጀመሬ እኮ ነው።"