የፈህሚያ ኤሌክትሮኖች በጃቢር ፀጉር ቤት

ፈህሚያ የአራዳው ጨርቅ ነጋዴ የዐብዱረሕማን ልጅ ናት። በ2006 ዓ.ም. ለፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪዋ የመረጠችው ጥናት ዘመድ ጎረቤቱን ግራ አጋባ። አባቷ ለጠየቃቸው ሁሉ «ኤሌክትሮን ታረጋጋለች» ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እሳቸውም አያውቁትም።

ጥናቷን ለፈታኞች ልታቀርብ ስትል አባቷ በአጎቷ በጃቢር ፀጉር ቤት ተቀምጠው፣ «እስቲ መጀመሪያ ለእኛ ንገሪን» አሏት።

«ኳንተም ነጥብ የሚባል በዓይን የማይታይ ቅንጣት አለ» አለች። «አንድ ኤሌክትሮን ውስጡ ይታሰራል። የሚሽከረከር ነገር ነው በሉት። ሁለት ነጥቦች ጎን ለጎን ሲሆኑ ኤሌክትሮኖቹ እኩል እንዲዞሩ እንፈልጋለን። ግን በየነጥቡ ያሉት አተሞች ይረብሿቸዋል፤ አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ይዘገያል፣ ስምምነታቸው ይጠፋል። እኔ ስምምነቱ እንዲቆይ ነው የምሠራው።»

«እንዴት አድርገሽ?» አሉ አባቷ።

ፈህሚያ ሁለቱን ተሽከርካሪ ወንበሮች አየት አደረገች። አባቷን በበሩ በኩል፣ ግማሽ ጺሙን የተላጨውን ሌላውን አጎቷን ዐብዱልከሪምን በሬዲዮው በኩል አስቀምጣ «ዙሩ» አለቻቸው። በእግራቸው እየገፉ እኩል ጀመሩ። ነገር ግን አላፊ አግዳሚው ሰላም ሲል አባቷ ሳይመልሱ ማለፍ አይሆንላቸውም፤ የቤተሰቡን ደህንነት እስኪጠይቁ ይዘገያሉ። ዐብዱልከሪም ደግሞ የኳስ ጨዋታ አስተላላፊው ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ይፈጥናል። ብዙም ሳይቆይ አንዱ ወደ መስተዋቱ ሲዞር ሌላው ወደ ግድግዳው ሆነ።

«አሁን ቦታ ተለዋወጡ። ኤሌክትሮኖቹንም እንዲህ ነው የማደርጋቸው፤ የሁለቱም ሰፈር ረብሻ ለሁለቱም እኩል ይደርሳቸዋል።»

ተደጋግፈው ተለዋወጡ። አሁን ሰላምታው በዐብዱልከሪም ላይ ወረደ፤ አንዳንዱም ጺሙን አይቶ ምን እንደደረሰበት ይጠይቀዋል። አባቷ ከኳሱ ጋር ፈጠኑ። ጃቢር «በቃ» ብሎ ሲያጨበጭብ ሁለቱም እኩል መስተዋቱን እያዩ ቆሙ። አባቷ በኩራት ሊነሱ ሲሉ ወለሉ ላይ ዘፍ አሉ።

ፈተናው ሸጋ ሆነ። አንድ ፈታኝ «ረብሻው ራሱ ቶሎ ቶሎ ቢቀያየርስ?» ብሎ ጠየቃት። «ኤሌክትሮኖቹን ቶሎ ቶሎ ማለዋወጥ ነው» አለች፤ አባቷ ግን እንደማይችሉት ታውቃለች።

ከዚያ አምባ ጊዮርጊስ መምህርት ሆነች። አባቷ ስለ እሷ የሚያወሩት በአውቶቡስ ቀድሟት ነበርና፣ አንድ የገበያ ቀን አያ ዳኛው የሚባሉ ገበሬ አዙሪት ይዞት የሚሽከረከር በግ እየጎተቱ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ መጡ።

«የሚሽከረከር ታረጋጊያለሽ አሉኝ።»

«አያ ዳኛው፣ እኔ የማረጋጋው ኤሌክትሮን ነው። በጉን የእንስሳት ሐኪም ይየው።»

«ኤሌክትሮኑ ከበግ ይበልጣል?»

«ኧረ በጣም ያንሳል፤ በዓይንም አይታይም።»

ሽማግሌው በጉን አዩት፤ እሷንም አዩአት። «የማይታየውን ካረጋጋሽ፣ ይኼ ፊትሽ የቆመው ምነው ያቅትሻል?»

ፈህሚያ ነጭ ጋውኗን አውልቃ እስከ እንስሳት ክሊኒኩ ሸኘቻቸው። በጉ ወደ ግራ ብቻ ስለሚዞር፣ መንገዱን ሙሉ በግራ ጎኑ ሆና በጉልበቷ እየገፋች አስኬደችው።