ዳገት መሃል የቆመችው ፒክአፕ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ መሣሪያ ገመድ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የጀልባ ጥገና ግቢ የነበራቸው ጋሼ ደምሴ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ትከሻ አለህ፤ ከኋላ ግባ» አሉኝ። በግቢው ማዕረግ ዋናው አናጢው ነው፤ ቀጥሎ በያጁ፤ ከሁሉ በታች እኛ ገመድ ጎታቾቹ። የሚጠገን ጀልባ ሁሉ ከውኃ የሚወጣው በእኛ ነበር። የዚያን ቀን ማታ እጄ በገመዱ ተልጦ እንጀራ መቁረስ አቅቶኝ እህቴ ስትስቅብኝ አመሸች።

ጀልባው እንጨት እያለ ቻልነው። ብረቱ ሲመጣ ግን ወገባችን እምቢ አለ። አንድ ቀን ከሐይቁ ወደ ግቢው በሚያወጣው ዳገት መሃል ገመዱ ከእጃችን አመለጠና ጀልባው ተንደርድሮ ሐይቅ ገባ። ሰው ያልተጎዳው በእግዜር ቸርነት ነው።

ጋሼ ያን ቀን ወሰኑ። የጓሯቸውን ቦታ ሸጠው ያገለገለች ፒክአፕ ሊገዙ። ምርጫው ከተበላሸ ሌላ የሚሸጥ ነገር የላቸውም፤ ግቢው ይዘጋል፣ እኛም እንበተናለን። ከጎታቾቹ መንጃ ፈቃድ የነበረኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ መምረጡ እኔ ላይ ወደቀ። እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ የፒያሳ ደላላ ነጭ ፒክአፕ አመጣልን። ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ጎማዋ ሳይቀር ጥቁር ተቀብታለች። ጋሼ ገና ሲያይዋት ልባቸው ሄደ። ደላላውማ ሞተሩን አስነስቶ ጉልበቷን ሲያወራ አፉ አይደክምም። እኔ ነገረኛ ነኝ፤ ውኃው ጠርዝ ወርዳ ጀልባ ካልጎተተች አልፈልግም አልኩ።

«ልትገዟት ነው ወይስ ልታጠምቋት?» ብሎ ደላላው አሾፈብኝ።

ወይዘሮ አስቴር የምትባል፣ እንግዳ በጀልባ እያንሸራሸረች ልጆቿን የምታሳድግ ደንበኛ ነበረችን። የብረት ጀልባዋ ውኃ ማስገባት ስለጀመረ መውጣቱ ካልቀረ በእሱ ሞክሩ አለች። ጀልባውን መኪና በሚጎትተው ባለጎማ ተሳቢ ላይ አስቀመጥን፤ ለጥንቃቄ ገመዳችንን አሰርን፤ ለተሳቢው ጎማ ታኮ የሚሆን ግንድ አዘጋጀን።

ነጯ ጎተተች። እውነት ለመናገር አጎታተቷ ያምር ነበር፤ ሰው አጨበጨበ። ጋሼ እጃቸውን ለደላላው ሲዘረጉ «ዳገቱ መሃል ይቁም» አልኩ። ደላላው ያመጣው ሾፌር ፍሬን ያዘ። መኪናዋ ትንሽ ቆማ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ታኮውን ባንወረውር ኖሮ ሁሉም ሐይቅ ይገባ ነበር። እንደገና ልትነሳ ስትል ፍሪሲዮኗ ተቃጥሎ ሽታው ግቢውን ሞላው። ጋሼ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ሁለተኛዋ ከይርጋለም በኩል መጣች። ባለቤቷ አቶ ዱካሞ ቡና ሲጭንባት የኖረ ገበሬ ነው። ቀለሟ አረንጓዴ ይሁን ዝገት አይለይም፤ የጋቢናዋ በር በሽቦ ታስሯል። ሰውየው ራሱ አፍሮ «መልኳን ተዉት» አለን። እኔ ሥሯ ገባሁ። ሻንሲዋ ብየዳ አልነካውም፤ ጭነት የሚሸከመው ባሌስትራዋም ወፍራም ነው። ውጤቱን ለማየት የመጣው ደላላ ገና ሲያያት ሳቀ።

ወደ ውኃው መልሰነው የነበረውን የወይዘሮ አስቴርን ጀልባ ከነተሳቢው አሰርንባት፤ ቀስ ብላ ጎተተች። ዳገቱ መሃል ስትደርስ አቶ ዱካሞን አቁም አልኩት፤ ቆመ። የእጅ ፍሬን ይዘህ ውረድ አልኩት፤ ወረደ።

አልተነቃነቀችም። ያ ሁሉ ብረት ዳገት ላይ ተንጠልጥሎ ውኃው ጠብ ጠብ ይላል፣ ገመዳችን ደግሞ ረግቦ መሬት ላይ ተኝቷል። ያን ክብደት ለዓመታት በትከሻዬ ነው የማውቀው። ማንም ሳይነካው ቆሞ ያየሁት ያን ቀን ነው። ወይዘሮ አስቴር አማተበች።

ጋሼ ሄደው የረገበውን ገመድ አነሱ፤ ዳበስ ዳበስ አደረጉትና መልሰው አስቀመጡት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ይቺ ናት» አሉ።

አቶ ዱካሞ ጋቢና ገብቶ ፍሬኑን ለቀቀ። አንዲት ስንዝር እንኳ ወደ ኋላ ሳትል ተነስታ ጀልባውን ግቢ አስገባች።

ከዚያ በኋላ የነዳኋት እኔ ነኝ፤ ጡረታ እስክወጣ። ለመጎተቻ ያገለገለ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ጭነቱን አስራችሁ ዳገት መሃል አስቁሟት። ይዛ ከቆመች ግዟት።